የስልከኛዋ ምርጫ

ስልከኛዋ የሚሏት የሆቴሉ ሰዎች ናቸው። ከወጣትነቷ ጀምሮ ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ባለች መስኮት የሌላት ክፍል ተቀምጣ የሆቴሉን ስልክ ስታነሳ ኖራለች። የትኛው እንግዳ በጠዋት መቀስቀስ እንደሚፈልግ፣ ወጥ ቤቱ በየትኛው ሰዓት ስልክ እንደማያነሳ፣ ማን ለማን «የለም በዪልኝ» እንደሚል አሳምራ ታውቃለች። ድምጿ ዝግ ያለና የረጋ ነው። ቱግ ብሎ የደወለ ሰው እንኳ እሷ ስታናግረው በርዶ፣ ይቅርታ ጠይቆ ይዘጋል።

እናቷ የሞቱ ሰሞን ጥቂት ቀን ቀርታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «እንደምን አደሩ፣ ምን ልታዘዝ?» አለች። ድምጿ ንቅንቅ አላለም። ባልደረቦቿ እርስ በርስ ተያዩና «አቤት ጥንካሬ!» አሉ። እሷ ግን ጠንክራ አልነበረም፤ ልቅሶው አልመጣ ብሏት ነው። በቀብሩ ዕለት ታናሽ ወንድሟ እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ፣ እሷ የወደቀበትን መነጽር ጎንበስ ብላ ስትፈልግለት ነበር። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያለች ጠበቀች። ጥርስ ሊነቀልለት ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ከንፈሩን ቢነክሰው እንደማይሰማው፣ እሷም ሁለመናዋ እንደዚያ ሆነ።

በዚያው ሰሞን ሆቴሉ ራሱ የሚመልስ አውቶማቲክ ስልክ አስገባና ንባቡን እሷ እንድታነብ ተጠየቀች። ማይክሮፎን ፊት ተቀምጣ «ክፍል ለማስያዝ አንድን ይጫኑ፤ ለምግብ አዳራሽ ሁለትን ይጫኑ» እያለች ግማሽ ቀን አነበበች። ድምፅ የሚቀዳው ሰው «እንዲህ ያለ ዝንፍ የማይል ድምፅ ገጥሞኝ አያውቅም» አላት። አመሰገነችው። ብዙም ሳይቆይ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራት።

«አንቺን ማጣት ይከብደናል» አለ፣ የብዕሩን ክዳን እየከፈተና እየዘጋ። «ግን ያው… ማሽኑ ሥራ ጀምሯል።»

«አዎ፣ ሰምቼዋለሁ።»

«ቅር እንዳይልሽ።»

«አይለኝም።»

እውነቷን ነበር። ዕቃዋን በካርቶን ሰብስባ፣ ከዘበኛው ጋር ተሰነባብታ ወጣች። ድምጿ እዚያው ቀረ፤ የወጣችው እሷ ብቻ ናት።

ትዳር አልያዘችም። ሁለት ክፍል ባላት ቤት ከአባቷ ጋር ትኖራለች። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ፀጉር ሲያስተካክሉ ኖረው በጡረታ የተቀመጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሬዲዮናቸውን ዝቅ አድርገው ቀኑን ሙሉ ይከፍቱታል፤ ምን እንዳለ ቢጠየቁ ግን አያውቁም። ከሥራ መውጣቷን ስትነግራቸው «ሆ!» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሬዲዮው ብቻ አወራ።

ነገሩ ያንገበገበው ታናሽ ወንድሟን ነው። ስልክ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ ከሚሸጠው ስልክ ውስጥ ያለውን ሁሉ እሱ የፈጠረው ይመስለዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ላብ በላብ ሆኖ መጣና ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ደቀነባት።

«እትዬ፣ ስሚኝ! ዘመኑ የአይቲ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ዓመታት መፍጀት የለብሽም። ሰርተፊኬት ነው የሚጠየቀው። ተምረሽ፣ ተፈትነሽ፣ ወረቀቱን ይዘሽ ሥራ ትገቢያለሽ። ይኸው ዝርዝሩ፦ ኔትወርክ አለ፣ ክላውድ አለ፣ የመረጃ ደህንነት አለ…»

«እሺ» አለች።

«የመረጃ ደህንነቱ ነው የሚያዋጣው። ሌባ በሌባ በሆነበት ዓለም ጠባቂ ሥራ አያጣም። ከክላውዱ ጋር አንድ ላይ ብታደርጊው ደግሞ…»

«እሺ።»

አባቷ ከጥግ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።»

«ይሄ ዛፍ አይደለም አባባ፣ ክላውድ ነው። ደመና ማለት ነው። የሰው ፋይል ሁሉ እዚያ ይቀመጣል።»

«ሲዘንብስ?»

ወንድሟ ሳቀ። እሷ ማን እንደሳቀ ለማየት ቀና አለችና መልሳ አቀረቀረች።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት አባቷ።

«እሱ ካለ እሺ።»

«እሺ፣ እሺ! ኧረ አንድ ቀን እምቢ በይ፣ ልጄ። ድሮ በአንድ ሻይ ማንኪያ ከእናትሽ ጋር ግማሽ ቀን ትከራከሪ አልነበር? አሁን ቤቱን እናቃጥለው ብንልሽ እሺ ብለሽ ክብሪት የምታቀብዪን ነው የሚመስለኝ።»

በማግስቱ ወንድሟ እየነዳ አንድ የአይቲ ማሰልጠኛ ድረስ ወሰዳት። ቦታው ከአንድ የመኪና መለዋወጫ መደብር በላይ ነው፤ ደረጃው ሁሉ ጎማ ጎማ ይሸታል። መዝጋቢው ክራቫቱን ጠበቅ ያደረገ፣ ፈገግታው ከፊቱ የማይወርድ ሰው ነበር።

«በትክክለኛው ሰዓት መጥታችኋል» አለ። «ወርቃማ ጥቅል የምንለው አለን። መሠረታዊ ድጋፍ፣ ኔትወርክ፣ ክላውድ፣ ደህንነት፣ ሁሉም በአንድ ዓመት! ስትጨርሺ ድርጅቶች በርሽ ላይ ይሰለፋሉ።»

«በርሽ ላይ!» አለ ወንድሟ፣ በክርኑ ነካ እያደረጋት።

«እሺ» አለች።

መዝጋቢው ብዕሩን ሲያነሳ፣ ከኋላው ካለው ቁም ሳጥን የሰሌዳ ማርከር የምትፈልግ ሴት ዞር አለች። ከወገቧ ቀጭን፣ ከምላሷ ስል ናት። ተማሪዎቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ስሟን ራሷም ታውቀዋለች፣ አልተቀየመችበትም።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የምትማሪው አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?»

«እኔ ነኝ።»

«ከዚህ ሁሉ የቱን ትወጃለሽ?»

«የቱንም።»

«መልካም። የቱንስ ትጠያለሽ?»

ስልከኛዋ ከልቧ አሰበች። ሆዷ ውስጥ ገብታ ፈለገች። «እሱንም አላውቅም» አለች።

«ለዚህ እኮ ነው ጥቅሉ» አለ መዝጋቢው። «ሁሉንም የያዘ ነው።»

«የሚፈልገውን የማያውቅ ሰው ሱቁን ሙሉ ገዝቶ አይወጣም» አለች መርፌ። እጇን ይዛ መተላለፊያው ላይ ካለ አግዳሚ ወንበር አስቀመጠቻት። ወንድሟ እየተነጫነጨ ተከተላቸው።

«ስሚ» አለቻት። «የደህንነቱን ወረቀት ብቻ ይዘሽ ብትሄጂ ማንም ቁልፉን አይሰጥሽም። ቤት የሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ ቤቱን ማወቅ አለበት፤ በሩ የት ነው፣ መስኮቱ የት ነው። ክላውዱም ያው ነው። የኔን ምክር ብትሰሚ መጀመሪያ መሠረታዊውን ያዢ። ኮምፒውተር ሲታመም ምን ይደረጋል፣ ፕሪንተር ለምን ያኮርፋል፣ ኬብል የት ይሰካል፣ የተናደደ ሠራተኛ በስልክ እንዴት ይያዛል። ትንሽ ወረቀት ናት፤ ግን በር ታስገባለች። ከገባሽ በኋላ የሚያስጠላሽን ሥራ ታውቂዋለሽ። ምርጫ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።»

«ምንም ባልጠላስ?»

«ትጠያለሽ። ፕሪንተርን የማይጠላ ሰው ገና አልተወለደም።»

ወንድሟ «ታዲያ ደህንነቱ ቀረ ማለት ነው?» አለ፣ የሱ ሰርግ የተሰረዘ ይመስል።

«አልቀረም፣ ወረፋ ያዘ» አለችው መርፌ።

ስልከኛዋ «እሺ» አለች። በዚህም በዚያም እሺ ነበር የምትለው፤ ይሄኛው እሺ የተሻለ ሆኖ ተገኘ እንጂ እሷ መርጣው አይደለም።

ትምህርቱ ላይ አትጠፋም፣ አታረፍድም። ከፊት ተቀምጣ የተባለውን ሁሉ ትጽፋለች። ኮምፒውተር ከፍተው ሆድ ዕቃውን ሲያወጡ፣ ወጣቶቹ ተማሪዎች «ዋው» ሲሉ፣ እሷ ብሎኖቹን በቅደም ተከተል ትደረድራለች። የምትማረው እንደ ሰዓት ነው፤ ሰዓት ደግሞ መቁጠሩን እንጂ የሚቆጥረውን አያውቅም።

ቤት ውስጥ አባቷ ጥያቄ ጠያቂ ሆኑ። የመለማመጃ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ አባቷ ፊደሉን ከድሮ ትምህርታቸው ያስታውሱታል፣ ትርጉሙን ግን አያውቁትም። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ እያንዳንዷን ቃል እንደ አጥንት እያኘኩ ያነቡላታል። መልሱን ከጀርባ ገጽ ያዩና «ትክክል» ወይም «አይ፣ እዚህ ላይ ሌላ ነው የሚለው» ይሏታል።

አንድ ቀን መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አሳርፈው «ይገርማል እኮ» አሉ። «ምንም ሳይገባኝ ነው የምጠይቅሽ።»

«እኔም ምንም ሳይሰማኝ ነው የምመልሰው» አለች።

ትክ ብለው አዩዋት። የሚናገሩት ሲጠፋቸው ወደ ሙያቸው መሸሽ ልማዳቸው ነው። «እኔ ሥራ ስጀምር ማንም ወረቀት አልጠየቀኝም» አሉ። «የመጀመሪያው ደንበኛዬ ጆሮው ሳይቆረጥ ስለወጣ ሁለተኛው መጣ፤ በቃ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እኔ ግን የስንቱን ሰው ራስ ሲመለጥ ከራሱ በፊት አውቄያለሁ። አንድም ቀን ነግሬ ደንበኛ አላስቀየምኩም።» ከዚያ ገጹን ገልብጠው የሚቀጥለውን ጥያቄ ማንበብ ቀጠሉ።

የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀች። ለጥቂት ነው የወደቀችው። ስክሪኑ ላይ «አላለፉም» የሚለው ሲመጣ፣ ፈታኟ ታለቅሳለች ብላ የወረቀት መሐረብ ሳጥኑን ወደ እሷ ገፋ አደረገች። ስልከኛዋ አመስግና ሳጥኑን ወደ ቦታው መለሰችው።

ቤት ስትገባ አባቷ ብድግ አሉ። «እንዴት ሰው በማሽን ይፈረድበታል? ቀርቦ ያየሽ የለ፣ ያናገረሽ የለ!» እያሉ ቤቱ ውስጥ ተመላለሱ። ለእሷ የሚሆነውን ንዴት ሁሉ እሳቸው ተናደዱላት። እሷ ሻይ አፈላች።

መርፌ ዘንድ ስትሄድ መርፌ አልተቆጣችም፣ አላጽናናችም። «የት ላይ ነው የወደቅሽው?» አለቻት።

«ፕሪንተር ላይ።»

«እና አሁንስ ጠላሽው?»

«አልጠላሁትም።»

«ወይ ጣጣ! እንግዲያው ገና ነሽ» ብላ አሮጌ ፕሪንተር ጠረጴዛዋ ላይ ጎለተችላት። «አፍርሺው፣ ግጠሚው። መልሰሽ አፍርሺው።»

በሁለተኛው ፈተና አለፈች። ወንድሟ ከመለዋወጫ መደብሩ ፊት ለፊት አንስቶ አሽከረከራት፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ አያቸው። እሷ በአየር ላይ ሆና ጀርባውን መታ መታ አደረገችለት፣ ሕፃን እንደምታባብል። ስታልፍ እንኳ ምንም እንዳልተሰማት ለማንም አልተናገረችም። ደስ ያላቸው ሰዎች ምን በወጣቸው!

ሥራ ያገኘችው በአንድ የመድን ድርጅት ውስጥ ነው፤ በአይቲ ድጋፍ ክፍል፣ ስልክ የምታነሳ። ዞራ ዞራ እዚያው። ልዩነቱ አሁን የሚደውሉት ክፍል ሊይዙ ሳይሆን ኮምፒውተራቸው እምቢ ብሏቸው መሆኑ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ከእሷ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሲራመድም ሲያወራም ሰው የሚያሳድደው የሚመስል ወጣት ነው። ሠራተኛው «ችኩል» ይለዋል። እሷን «እትዬ» ነው የሚላት፤ እሷም አለቃዋን «አንተ» ትለዋለች፣ ሁለቱም ለምደውታል።

በጠዋት በጠዋት ከሂሳብ ክፍል ይደወላል። «ይሄ ፕሪንተራችሁ ዛሬም ዘጋኝ!» ይላል የደዋይዋ ድምፅ። ስልከኛዋ «አይዞሽ፣ ከጀርባው ያለችውን ክዳን ክፈቺ… አዎ፣ እሷን… ወረቀቱን ቀስ አድርገሽ ሳቢው» ትላለች። ደዋይዋ በርዳ ትዘጋለች። ችኩል ከበስተኋላ ቆሞ «እትዬ፣ አንቺ እኮ ማደንዘዣ ነሽ» ይላታል። ምስጋና መሆኑ ነው።

አንድ ቀን ድርጅቱ ለስብሰባ አዳራሽ ፈለገ፤ ችኩል ከእሷ አጠገብ ያለችውን ባልደረባዋን እንድትደውል አዘዛት። ባልደረባዋ እጇ ታይፕ እያደረገ ስለነበር ስልኩን በድምፅ ማጉያ አደረገችው። «እንኳን ወደ ሆቴላችን በደህና ደወሉ። ክፍል ለማስያዝ አንድን ይጫኑ…»

የስልከኛዋ ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ቆሙ።

«ድምጿ አያምርም?» አለች ባልደረባዋ።

«ያምራል።»

«ግን ቀዝቃዛ ናት። ሰው የሞተባት ነው የሚመስለው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የራስ ድምፅም ሳይብስ አይቀርም። ባልደረባዋ አጠገቧ ተቀምጣ እየሰማች እንኳ ድምፁ የሷ መሆኑን አላወቀችም። ስልከኛዋም «ለስብሰባ አዳራሽ አራትን ተጫኚ» ብላት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ ባልደረባዋ «ቁጥሩን በምን አወቅሽው?» ስትላት «ሠርቼበታለሁ» አለች። ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የካሳ ጥያቄ የሚታይበት ክፍል ወደ ላይኛው ፎቅ ሊዛወር ሆነ፤ ኬብል መዘርጋት ነበረበት። የኔትወርክ ሰዎች ስላነሱ ችኩል ከድጋፍ ክፍል ሰው ጠየቀ። ወጣቶቹ ልብሳቸው እንዳይቆሽሽ ወደ ምድር አቀረቀሩ። «እትዬ?» አላት ችኩል ሳያስበው። «እሺ» አለች።

መሰላል ላይ ወጥታ፣ የጣሪያውን ንጣፍ ገፋ አድርጋ፣ አንገቷን ወደ ላይ አስገባች። ውስጡ ጨለም ያለ፣ አቧራማ፣ ጸጥ ያለ ነበር። ከታች የሰው ጫጫታ እንደ ሩቅ ሰፈር ይሰማታል። ኬብል ከዚያ ጫፍ ይገፉላታል፣ እሷ ትስባለች፤ በማሰሪያ ትሰበስባለች፤ ወደሚቀጥለው ታሳልፋለች። ማንም «ሃሎ» አላላትም። እሷም ማንንም «ምን ልታዘዝ» አላለችም። ወርዳ ስታይ ቀኑ አልቋል፤ ሰዉ ቦርሳውን አንግቦ እየወጣ ነበር። እንዲህ ቀን ሳታውቀው ያለፈባት ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ማስታወስ አቃታት። ፀጉሯን አራገፈችና ሄደች፤ ስለ ነገሩ ለማንም አላወራችም፣ ራሷም ብዙ አላሰበችበትም።

ከዚያ የዋና ሥራ አስኪያጁ ስልክ መጣ።

ደዋዩ ድምፁ የሻከረ፣ የሚቆራረጥ ነበር። «ዋና ሥራ አስኪያጁ ነኝ፤ የይለፍ ቃሌ ተቆልፎብኛል፣ አሁኑኑ ክፈቺልኝ» አለ። ስልከኛዋ የዋና ሥራ አስኪያጁን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ይሄ እሱን አይመስልም።

«በተመዘገበው ስልክዎ መልሼ ልደውልልዎት» አለች።

«ስልኬ ባትሪ ጨርሷል! በሰው ስልክ ነው የምደውለው። ስብሰባ ላይ ሰዎች እየጠበቁኝ ነው!»

«ማንነትዎን ሳላረጋግጥ አልችልም፣ ጌታዬ።»

«ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ችግሩም እሱ ነው።»

ጮኸ። እሷ ጠበቀችው። ሳል አቋረጠው። ደጋግማ ይቅርታ ጠይቃ ስልኩን ዘጋችበት። ችኩል እጁን ራሱ ላይ ጫነ፤ «እትዬ፣ እውነት እሱ ቢሆንስ?»

እውነትም እሱ ነበር። ትንሽ ቆይቶ አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሞ፣ አፍንጫው ቲማቲም መስሎ፣ ራሱ ደረጃውን ወርዶ መጣ። ብርድ መትቶት ድምፁ ተዘግቶ ነው። ሥራ አስኪያጁ ፊቷ ቆሞ መታወቂያውን አንገቱ ላይ ካለው ገመድ አውልቆ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ።

«አሁንስ ነኝ?»

መታወቂያውን አገላብጣ አየችው። «አሁን ነዎት» ብላ የይለፍ ቃሉን ከፈተችለት።

ሥራ አስኪያጁ ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። በማግስቱ እሷንና ችኩልን ቢሮው አስጠራቸው።

«እኔን ካስቆምሽ ሌባንማ አታሳልፊም» አላት። «የመረጃ ደህንነት ክፍል እያቋቋምን ነው። ድርጅቱ ሰርተፊኬቱን ያስተምርሻል፤ ስትጨርሺ እዚያ ትገቢያለሽ። ዕድገት ነው።»

ችኩል ከደስታ ብዛት ወንበሩ ላይ አልረጋ አለ። ወንድሟ ሲመኘው የኖረው ነገር በሰሃን ቀርቦላታል። እሺ የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች።

«አልፈልግም» አለች።

ከሁለቱ ወንዶች ይልቅ የደነገጠችው እሷ ናት። ቃሏን ሰምታ፣ ማን እንደተናገረ ለማወቅ ዞር ልትል ምንም አልቀራት።

«ምነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ትላንት እርስዎን ሳናግር…» ቃል ፈለገች። «ከድምፅዎ ውስጥ ውሸት እየፈለግኩ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ድምፅ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ እንደመጣ ነው የምቀበለው። ሌባ አለበት እያልኩ ሰው ሳዳምጥ መኖር አልፈልግም። ያስጠላኛል።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«ስልክ የሌለበት ነገር» አለች። ከዚያ ጣሪያውን አየች። «ኔትወርክ። ኬብሉን። የኔትወርኩን ሰርተፊኬት ብትፈቅዱልኝ።»

ችኩል በሹክሹክታ «እትዬ፣ እሱ እኮ ዕድገት የለውም» አላት።

«ሰምቻለሁ» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን ነቀነቀና «ያንቺ ነገር! እንግዲህ እንደፈለግሽ» አለ።

ነገሩን ቤት ስትናገር አባቷ ሬዲዮውን ዘጉት። «ሰው የሰጠሽን ዕድገት ገፍተሽ መጣሽ?» አሉ። «ወንድምሽ ቢሰማ ያብዳል! ከሰው በታች ሆነሽ ኬብል ልትጎትቺ ነው?»

«ከሰው በላይ ነው አባባ። ጣሪያ ውስጥ ነው።»

«አትቀልጂብኝ! እናትሽ ብትሰማ ምን ትል ነበር?»

«አትሰማም። እማማ ሞታለች።»

አባቷ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ካንቺ አፍ ግን ገና ዛሬ ሰማሁት። ሰው ሲጠይቅሽ ‹እማማ የለችም› ነው የምትዪው፤ ሱቅ ደርሳ የምትመለስ ይመስል።»

ዓይኗ አልረጠበም። ሻይ ስትቀዳ ግን ስኒው ሞልቶ ገበታው ላይ ፈሰሰ። አባቷ አይተውታል፤ እንዳላየ ሰው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በማግስቱ እሳቸው ኩርፊያቸውን፣ እሷም ዝምታዋን ይዘው በአንድ ገበታ ቀርበው በሉ። ከሚወዱት ሰው ጋር መኮራረፍ ምን እንደሚመስል ረስታው ነበር። አይመችም፤ ግን ከባዶው ይሻላል።

ወንድሟ እንደተፈራውም አበደ። «በርሽ ላይ ተሰልፈው መጡልሽ፣ አንቺ በሩን ዘጋሽባቸው!» ብሎ ለሳምንታት ስልኳን አላነሳም። መርፌ ግን የምዝገባ ወረቀቱን ስታቀብላት ምንም አልጠየቀቻትም፤ ክፍሉ የትኛው እንደሆነ ብቻ በእጇ አመለከተቻት።

የኔትወርኩ ትምህርት ከበደ። ቁጥሮቹ ይምታቱባታል፤ አንዳንዴ መጽሐፉን ወርውራው ተመልሳ ታነሳዋለች። ፈተናውን አለፈች። ያለፈችም ቀን ቢሆን ከዓይኗ እንባ፣ ከጉሮሮዋ እልልታ አልወጣም። ግን ከማሰልጠኛው ወጥታ፣ አውቶቡስ ሳትጠብቅ፣ ቤቷ ድረስ በእግሯ ሄደች። ለምን እንደሆነ አታውቅም፤ መሄድ አሰኛት።

ወደ ኔትወርክ ክፍል ልትዛወር አንድ ሳምንት ሲቀራት መሰላል የሚወጡበት ጫማ ልትገዛ ወጣች። አባቷ «ዕቃ መግዛት አትችዪበትም» ብለው ተከተሏት። ሻጩ ቀለል ያለ ጥቁር አወጣላት። እሷ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ወዳለው፣ ሶሉ ወፍራም፣ ቀለሙ ወደ ጭቃ የሚወስድ ጫማ ጠቆመች።

«እንዴ፣ ይሄ የግንበኛ ነው!» አሉ አባቷ።

«ይሄንን ነው የምፈልገው።»

«ጥቁሩ ያምራል፣ ልጄ። ለሁሉም ይሆናል።»

«ለሁሉም እንዲሆን አልፈልግም፤ ለጣሪያ ነው። አውርድልኝ» አለችው ሻጩን።

ለካችው። ግራው ትንሽ ያዛት። ሻጩ «ሌላ ልፈልግልሽ?» ቢላት «ይሰፋል» አለች። አባቷ «አይሰፋም፣ በስንት ጫማ የቆመ ሰው ነኝ፣ እኔን ጠይቂኝ» አሉ። ተከራከሩ። ሻጩ በመካከል ቆሞ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሳቸውን ያያል። በመጨረሻ አባቷ በእጃቸው አየሩን ገፍተው «እሺ፣ እንዳሻሽ» አሉና ቀድመው ወጡ፤ ደጃፉ ላይ ደርሰው ግን ቆመው ጠበቋት።